የአሥራ ሰባት ቁጥር ጎረቤቶች

አሥራ ሰባት ቁጥር በዘጠኝ የሥራ ቀን ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ጎረቤት ቀየረ። ይህን ያወቀች እሷ ብቻ ነበረች፤ ካወቀችም ወዲህ ምግብ አልበላ ብሏታል።

በመድኃኒት ማከማቻው ውስጥ የክብሪት ፓኮ የሚያህሉ ሠላሳ ነጫጭ ዕቃዎች አሉ። በወረቀት ላይ ስማቸው ኖድ ነው። ጫኝና አውራጆቹ ግን “ጆሮ” ይሏቸዋል፤ ሐሜት ሲጀምሩ “ቀስ በል፣ ጆሮ አለ” እየተባባሉ ይሳሳቃሉ። ኖዶቹ ግን የሰው ወሬ አይሰሙም። ሥራቸው በየክትባት ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ቅዝቃዜ መለካትና ቁጥሩን እየተቀባበሉ ፎቅ ላይ ካለው ኮምፒውተር ማድረስ ነው። ሽቦ የላቸውም። በየሠላሳ ሰከንዱ እያንዳንዱ “እኔ እከሌ ነኝ፣ አለሁ” ብሎ ይጣራል። በአካባቢው ሆኖ የሰማው ሁሉ ቁጥሩን በጎረቤት ዝርዝሩ ላይ ያሰፍራል፤ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ድምፁ ከጠፋ ይሰርዘዋል፤ ተመልሶ ከተጣራ ደግሞ ቂም ሳይዝ እንደገና ይጽፈዋል። ከሰው የሚሻሉት በዚህ ነው ትል ነበር፣ ድሮ።

እሷ የእነዚህ ዕቃዎች ቴክኒሻን ነች። ሦስት ዓመት ሆኗታል። ሠራተኛው ሁሉ “ሽቦ” ይላታል፤ ቅጥነቷን አይተው ይሁን ሥራዋን፣ አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም።

አሥራ ሰባት ቁጥር የታሰረው በቀዝቃዛው ክፍል መጨረሻ መደርደሪያ ላይ ባለ ትልቅ የክትባት ሣጥን ክዳን ላይ ነው። ጎረቤቱ ኮርኒሱ ላይ ያለው ሦስት ቁጥር መሆን አለበት፤ ነውም። ሆኖም በየጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ኮምፒውተሩ ሌላ ነገር ይላል፦ አሥራ ሰባት፣ ጎረቤቱ አንድ ቁጥር። አንድ ቁጥር ያለው ደግሞ የግቢው በር ላይ ነው። ሃያ ደቂቃ፣ አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት እዚያ ይቆይና ወደ ቦታው ይመለሳል።

ኖድ እግር የለውም። ከቀዝቃዛው ክፍል እስከ በሩ ሰባ ሁለት እርምጃ ነው፤ ቆጥራዋለች። በመሀል ሁለት የብረት በሮች አሉ። የሁለቱም ቁልፍ የሚገኘው በአንድ ሰው ወገብ ላይ ነው፤ በግምጃ ቤት ኃላፊው። የግምጃ ቤት ኃላፊው ደግሞ አጎቷ ናቸው፤ የእናቷ ታናሽ ወንድም፣ እዚህ መሥሪያ ቤት እጇን ይዘው ያስገቧት፣ ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት ከመንፈቅ የቀራቸው።

ክትባት ከቅዝቃዜው ከወጣ ያበቃለታል። መልኩም ሽታውም አይለወጥም፤ ልጅ ክንድ ላይ ተወግቶ ምንም አለመሥራቱ የሚታወቀው ከዓመት በኋላ፣ ልጁ ሲታመም ነው። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፦ ሣጥኑን ያለ ፈቃድ ያወጣ ሰው ይባረራል፤ ጡረታ የሚባል ነገር የለም።

መጀመሪያ አላመነችም። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራች። ቀጥላ የሙቀቱን መዝገብ ከፈተች። መስመሩ አራት ዲግሪ ላይ ቀጥ ብሎ ተኝቷል፤ ወደ በር “ሄደ” በተባለበት ሰዓት እንኳ ንቅንቅ አላለም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ እፎይ ብሎ ሻዩን ይጠጣ ነበር። እሷ ግን ብዕሯን እየነከሰች አሰበች፤ ሣጥኑ እየወጣ ሙቀቱ ካልጨመረ፣ የሚያወጣው ሰው በረዶ ውስጥ አድርጎ ነው የሚያወጣው ማለት ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው።

በዚያው ቀን ትንሽ ደብተር ገዝታ መጻፍ ጀመረች።

የሥራ ክፍሏ መስኮት በሩን ከላይ ያየዋል። አራት ሰዓት ላይ የማመላለሻው መኪና ይገባል፤ አጎቷም ግራጫውን የቅዝቃዜ ካፖርት እንደለበሱ ወጥተው መኪናው አጠገብ ይቆማሉ፣ ወረቀት ይፈርማሉ፣ ከሹፌሩ ጋር ይስቃሉ። መኪናው ሲወጣ እሳቸው ይመለሳሉ። አሥራ ሰባትም ይመለሳል። በየቀኑ እንደዚያ ነው፤ ደቂቃው እንኳ አይዛነፍም። “ሰኞ፣ አራት ከአምስት፣ ጋሼ በር ላይ። አሥራ ሰባት በር ላይ” እያለች ትጽፋለች። ከዓመት በፊት ቢሆን ቀልዱን ሳትሰማ እንኳ አብራ ትስቅ ነበር። አሁን በምን እንደሚስቁ ታሰላስላለች።

ሹፌሩም ከጥርጣሬዋ አላመለጠም። ቅጽል ስሙ “ጡሩምባ” ነው፤ በሩ ክፍት ሆኖ እንኳ ካልነፋ አይገባም። ከሁለት ሳምንት በፊት መኪናው ውስጥ የሚታሰር አዲስ ኖድ አዘጋጅታ ሰጥታዋለች፤ ሠላሳ አንድ ቁጥር። እስከ ዛሬ ግን ሠላሳ አንድ የሚባል ኖድ ኮምፒውተሯ ላይ ታይቶ አያውቅም።

“ሠላሳ አንድን ዛሬም አላበራኸውም” አለችው ደረጃው ሥር አግኝታው።

“አብርቼዋለሁ! አረንጓዴ ዓይኑን እያርገበገበ ሲያፈጥብኝ ነው የሚውለው።”

“ታዲያ ለእኔ ለምን አይታየኝም?”

“እሱን ከእሱ ጋር ተነጋገሩ። አኩርፎሽ ይሆናላ። ሽቦ፣ አንቺ እኮ ሰላምታ ላይ ቆጣቢ ነሽ!”

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ወደ ክፍሏ ወጥታ “ሹፌሩ ኖዱን ያጠፋል። መኪናው የት እንደሚውል እንዳይታወቅ?” ብላ ጻፈች። የጥያቄ ምልክቱን ሁለት ጊዜ አደመቀችው።

በስድስተኛው ቀን ቀዝቃዛው ክፍል በር ላይ አዲስ ጓጉንቸር ቁልፍ ተንጠልጥሎ አየች። አጎቷ ከውስጥ ሲወጡ በሩ ላይ ተገናኙ። በሩን ቆለፉ፣ ጎትተው አረጋገጡ፣ መክፈቻውን ወደ ኪሳቸው ከተቱ። ዓይኗ ኪሳቸው ድረስ ሸኘው።

“ምነው ጋሼ፣ አዲስ ቁልፍ?”

“ሰው በዛ” አሉ።

“የምን ሰው?”

“ሰው ነዋ።” መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩአት። “አንቺስ ምነው ሰሞኑን መስኮት አዘወተርሽ? ዓይንሽን ካመመሽ ንገሪኝ፤ ጎበዝ ሐኪም አውቃለሁ።”

“ብርሃን ፈልጌ ነው።”

“እስቲ ይሁን” አሉና ሄዱ። ሲሄዱ ወደ ኋላ አንድ ጊዜ ዘወር አሉ። ንጹሕ ሰው ምን ያዞረዋል? ይህንንም ጻፈችው።

ረቡዕ ዕለት ደብተሩን ይዛ ወደ ሥራ አስኪያጇ ገባች። ሥራ አስኪያጇ “አንቱታ ያስረጀኛል” ብላ ሠራተኛውን በሙሉ “አንቺ” አስብላለች፤ ያም ሆኖ ግቢው ውስጥ እንደ እሷ የሚፈራ ሰው የለም። ደብተሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ አነበበች።

“አጎትሽ መሆናቸውን አልረሳሽም አይደል?”

“አልረሳሁም።”

“እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን…” አለችና ተወችው። “ነገ አራት ሰዓት ቀዝቃዛው ክፍል እንገናኝ፤ ሣጥኑን አብረን እናየዋለን። የስንብት ደብዳቤውን ዛሬ አዘጋጃለሁ። ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ካልፈረምኩት የእኔም ወንበር ነው የሚነቃነቀው።”

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ሦስቱም ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ቆመዋል። ሥራ አስኪያጇ የተውሶ ካፖርት ለብሳለች፤ እጅጌው ጣቶቿን ውጧል። አጎቷ ግራጫውን ለብሰዋል። እሷ ታብሌቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላለች። ሲተነፍሱ ጉም ይወጣል።

አጎቷ ነገሩን እስከዚያች ደቂቃ አልሰሙም ነበር። ሥራ አስኪያጇ በሁለት ዐረፍተ ነገር ነገረቻቸው። ፊታቸው አልተለወጠም፤ ጆሯቸው ብቻ ቀላ።

“ማነው ያየኝ?” አሉ።

ሥራ አስኪያጇ ደብተሩን ገልጣ ማንበብ ጀመረች። “ሰኞ፣ አራት ከአምስት፣ ጋሼ በር ላይ…” ጋሼ የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ አጎቷ ቀስ ብለው ወደ እህታቸው ልጅ ዞሩ። እሷ ቀና አላለችም።

“ማክሰኞ” ብላ ቀጠለች ሥራ አስኪያጇ፣ “አራት ከሩብ። ጋሼ ግራጫውን ካፖርት ለብሰው፣ ቆቡን ደፍተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው መኪናው አጠገብ ቆመዋል። አሥራ ሰባት በር ላይ።”

“የቱ ማክሰኞ?”

“የዚህ ሳምንት።”

“የዚህ ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት እኔ እዚህ ግቢ ውስጥ አልነበርኩም” አሉ አጎቷ። “ባለቤቴን ዓይን ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄጄ ነበር። የገባሁት ከምሳ በኋላ ነው። ፈቃዱን የፈረምሽልኝ አንቺ ነሽ፤ ቁልፎቹም እስክመለስ ያንቺ መሳቢያ ውስጥ ነበሩ።”

ሥራ አስኪያጇ ደብተሩን ዝቅ አደረገች። “እውነት ነው። ፈርሜያለሁ።” ወደ ግራጫው ካፖርት አመለከተችና “ታዲያ ይህን ካፖርት ማን ለበሰው?” አለች።

“የእኔ የግሌ አይደለም። ኮሪደሩ ላይ ይሰቀላል፤ የበረደው ያነሳዋል። ማክሰኞ ጡሩምባ ሳይሆን አይቀርም፤ ከሰዓት ስለብሰው ኪሱ ሙሉ የከረሜላ ወረቀት ነበር።”

ሁለቱም ወደ እሷ አዩ። አፏን ከፈተች። “ምናልባት ቀኑን አሳስቼ…” ልትል ነበር፤ ቃሉ ምላሷ ላይ ሳለ ውሸት መሆኑን አወቀችው። ቀኑን አላሳሳተችም። በዚያ ጠዋት ኮምፒውተሩ አሥራ ሰባት በር ላይ ነው ሲላት ብድግ ብላ በመስኮት አየች፤ ጀርባ አየች፤ ካፖርት አየች። ፊቱን አላየችም። መጠበቅም አላስፈለጋትም።

የምትይዘው ቢጠፋት ታብሌቷን ከፈተች። በዚያው ቅጽበት ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ረዘም አድርጎ ጮኸ።

አሥራ ሰባት፣ ጎረቤቱ አንድ ቁጥር።

ቀና አለች። አሥራ ሰባት ቁጥር ከፊቷ ነው። እጇን ዘርግታ ነካችው። ክዳኑ ላይ ታስሯል፣ ማኅተሙ አልተነካም፣ አረንጓዴ መብራቱ ይርገበገባል። ከበሩ ሰባ ሁለት እርምጃ ርቆ እዚሁ ተቀምጧል።

ጣቶቿ እየደነዘዙ በዝርዝሩ ሥር ያለውን ጥሬ መዝገብ ከፈተች። ኮምፒውተሩ ለአንድ ቁጥር ከሚሰማቸው ጥሪዎች ድምፁ የጎላውን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ የቀሩትን ሥር ያስቀምጣቸዋል። ሥር ግን ሁለቱም አሉ። አራት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ፦ “አሥራ ሰባት ነኝ፣ አለሁ፣ አራት ዲግሪ።” እዚያው ደቂቃ ላይ፦ “አሥራ ሰባት ነኝ፣ አለሁ፣ ሃያ ሁለት ዲግሪ።” ሃያ ሁለቱ ከሙቀቱ መስመር ላይ ተጥሏል። ድንገት የሚዘል ቁጥር ስሕተት ነውና ጣል ብላ ያዘዘችው ራሷ ነች።

“ሁለት ናቸው” አለች።

“ምኖቹ?” አለች ሥራ አስኪያጇ።

“አሥራ ሰባቶቹ።”

አዲስ ኖድ ሲመጣ አርባ መስመር ማስተካከያ መጻፍ ይሰለቻታል። ስለዚህ ደህና የሚሠራ አንድ ኖድ ትመርጥና ውስጡ ያለውን እንዳለ ወደ አዲሱ ትገለብጣለች፤ መጨረሻ ላይ ቁጥሩን ብቻ ትቀይራለች። መመሪያው ላይ እንዲህ አድርጊ የሚል የለም፤ የራሷ አቋራጭ ነው። ሠላሳ አንድን ስታዘጋጅ ከአሥራ ሰባት ገለበጠች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ እናቷ ደወለች፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ ሠራተኛ ፈልጊልኝ። ስልኩን ዘግታ ስትመለስ የቀራት ነገር ተለጣፊው ብቻ መሰላት። ከላይ ሠላሳ አንድ ብላ ለጠፈችበት። ከውስጥ አሥራ ሰባት እንደሆነ ሄደ። መኪናው ውስጥ ታስሮ ከተማውን ሲዞር ዋለ፤ በየጠዋቱ በሩ ሥር ሲደርስ “አሥራ ሰባት ነኝ” ብሎ ተጣራ። የበሩ ኖድም ጻፈው። ኖድ መታወቂያ አይጠይቅም። እከሌ ነኝ ያለውን እከሌ ብሎ ይይዛል።

ይህን ሁሉ በብርዱ ውስጥ ቆማ፣ አንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ እየደገመች ነገረቻቸው። አጎቷ እንደ ቅርንጫፍ ደርቀው አዳመጡ። ስትጨርስ ሥራ አስኪያጇ የካፖርቱን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበች።

“ደብዳቤው ጠረጴዛዬ ላይ ነው” አለች። “ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። ምን ላድርገው?”

“ቅደጂው። የእኔን ስም አድርጊና ሌላ ጻፊ።”

“ውልሽ የሚታደሰው በዚህ ወር መጨረሻ እንደሆነ ታውቂያለሽ?”

“አውቃለሁ።”

“እንግዲያው ስሕተቱን በጽሑፍ አምጪልኝ፤ የኖዱን ነገር ብቻ። እስከ ስድስት ሰዓት። ከዚያ እናያለን።” ደብተሩን መለሰችላትና ወጣች። አጎቷም ወጡ፤ ጓጉንቸሩን ይዘው በሩ ላይ ቆመው፣ እሷ እስክትወጣ ጠብቀው ቆለፉ።

መጀመሪያ ወደ መኪናው ሄደች። ጡሩምባ መሪው ላይ ተደግፎ ከረሜላ ያላምጣል። ኖዱን ፈታች፣ ከታብሌቷ ጋር አገናኘች፣ ቁጥሩን ቀየረች። ሠላሳ ሰከንድ ሳይሞላ ሠላሳ አንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ አለ።

“መጣ?” አለ ጡሩምባ አንገቱን አስግጎ።

“መጣ። ጥፋቱ የእኔ ነበር።”

“እሰይ! ሁለት ሳምንት ሙሉ ውሸታም ስባል! ሽቦ፣ ይቅርታ በጨው አይበላም፤ ሻይ ትጋብዣለሽ።” ከዚያ ፊቷን አየና የከረሜላውን ወረቀት አጣጥፎ ወደ ኪሱ ከተተ።

ወደ ክፍሏ ወጥታ ወረቀት አወጣች። የኖዱን ነገር በስድስት መስመር ጨረሰችው፤ ቀን፣ ቁጥር፣ የተዘለለው እርምጃ፣ ማስተካከያው። የተጠየቀችው ይህንን ነበር። ፈርማ ብትሰጥ አበቃ። ብዕሩን ግን አላስቀመጠችም። ማክሰኞስ? ማክሰኞን ማንም ጻፊ አላላትም። ሥራ አስኪያጇ ዘለለችው፤ በደግነትም ሊሆን ይችላል፣ ስለቸኮለችም። እሷም ዝም ብትል ነገሩ ሁሉ የአንዲት ጥቃቅን ዕቃ ስሕተት ሆኖ ይቀራል።

በሩ ተንኳኳ። አጎቷ ናቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ ወደዚህ ክፍል ወጥተው አያውቁም፤ ደረጃው ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ትንፋሻቸው እስኪመለስ የበሩን መቃን ይዘው ቆሙ። ወንበሯን ለቀቀችላቸው፤ አልተቀመጡም።

“ደብተሩን” አሉ።

ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አውርደው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው አነበቡ። በችኮላ አይደለም፤ የመጣላቸውን ዕቃ እንደሚያጣሩ፣ ጣታቸውን በየመስመሩ እያስኬዱ። አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ።

“‘ሰው በዛ’ ያልኩት አንቺን ነው” አሉ።

“እኔን?”

“ኪሴን ስታዪ ሁለት ጊዜ አይቼሻለሁ። በር በሩን ስትዞሪም። ቁልፌን ፈልጋ ነው ብዬ ነው ጓጉንቸር የጨመርኩት።” ገጽ ገለጡ። “ለእህቴ ምን ብዬ እንደምነግራት ሳስብ ነበር የከረምኩት። የምትሰርቂ መስሎኝ።”

ልትስቅ ነበር፤ ተወችው። የጀመረችውን ወረቀት አየችው፤ እንደቆመች ጎንበስ ብላ ከስድስቱ መስመር ሥር ጻፈችበት፦ “ማክሰኞ ዕለት አጎቴን በር ላይ አላየሁም። ያየሁት የካፖርት ጀርባ ነው። እሳቸው ናቸው ብዬ የጻፍኩት፣ እሳቸው እንዲሆኑ አስቀድሜ ስለወሰንኩ ነው።” ወረቀቱን ወደ እሳቸው ገፋችው።

አነበቡት። “ይኼኛውን አልጠየቀችሽም።”

“አልጠየቀችኝም።”

“ከሥራ ሊያስወጣሽ ይችላል። ቁጥር መሳሳት ሌላ፣ ይኼ ሌላ።”

“አውቃለሁ ጋሼ።”

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡ። ጠርዙን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካከሉት። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው ብዕር አውጥተው በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ግርጌ የሆነ ነገር ጻፉ፣ ፈረሙ፣ እንድታየው ዘወር አደረጉላት፦ “አሥራ አንድ ገጽ ተረክቤያለሁ።” ደብተሩን ወደ ኪሳቸው ከተቱት።

“ጋሼ፣ ለእማዬ…”

“ለእህቴ የምነግራትን እኔ አውቃለሁ” አሉ።

ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። ምን ማለታቸው እንደሆነ ከድምፃቸው ልትለይ ሞከረች፤ አልቻለችም። መሞከሯ ለራሷ ታወቃትና አፈረች። እሳቸው የደረጃውን መደገፊያ በአንድ እጃቸው ይዘው፣ አንድ በአንድ፣ መውረድ ጀመሩ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ወረቀቱን ሳታጥፍ ያዘችና ከኋላቸው ወረደች፤ እንዳትቀድማቸው እየተጠነቀቀች።